ማማዋን ያልወጣችው ቲኬት ሻጭ

ኒቬስ ለከተማችን ረጅሟ ማማ ቲኬት መሸጥ ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ማማዋን ግን አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም። ከጃፓን የመጣው፣ ከብራዚል የመጣው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ከፍታ የሚያዞረው፣ ሁሉም ቲኬቱን ከእጇ እየተቀበለ ይወጣል፤ እሷ ከታች ትቀራለች። "ላይ ሲደርሱ ምን ይታያል?" ብለው ሲጠይቋት "የወጣ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ይላል" ብላ ትመልሳለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም።

ይህን የማወራችሁ እኔ ባለ ሱቋ ዮሌ ነኝ። ከማማዋ ፊት ለፊት፣ በበረንዳው ሥር፣ ጃንጥላ እሸጣለሁ። ቦሎኛ ውስጥ ጃንጥላ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቤቱ እስከ ሥራው፣ ከሥራው እስከ ቡና ቤቱ በቅስት በረንዳ ሥር ጠብታ ሳይነካው የሚመላለስ ሕዝብ ጃንጥላ ምን ያደርግለታል? አባቴ ይህን ሱቅ ያወረሰኝ ወዶኝ ይሁን ጠልቶኝ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ደንበኛ ስለማይበዛብኝ ግን ሰው ለማየት ጊዜ አለኝ፤ ከሁሉም አብዝቼ ያየሁት ኒቬስን ነው።

የማትወጣበት ምክንያት እዚህ ላደገ ሰው ግልጽ ነው። ተማሪ ሳይመረቅ ማማዋን ከወጣ፣ አይመረቅም። በቃ። ቅዳሴ የማይሄደው፣ ቄስ ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ሰውዬ እንኳ በዚህ ነገር አይጠራጠርም። ኒቬስ ደግሞ ተማሪ ናት። የቲኬቱን ሥራ በያዘችበት መስከረም፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ የሕንፃ ታሪክ ልታጠና ተመዘገበች። አንድ ዓመት አንድ ፈተና፣ ሌላ ዓመት ሁለት፣ እናቷ የታመሙ ጊዜ ደግሞ ምንም፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ሃምሳ አራት ዓመት ሞላት።

"ኒቬስ፣ አስተማሪዎችሽ እኮ ጡረታ እየወጡ አለቁ" እላታለሁ።

"ያልተጨረሰ ነገር በዚህ ከተማ ነውር ነው እንዴ?" ትለኛለች።

ለነገሩ እውነቷን ነው። ትልቋ ቤተ ክርስቲያናችን ከወገቧ በታች እብነ በረድ ለብሳ፣ ከወገቧ በላይ ጡቧን ገልጣ ስንት መቶ ዓመት ቆማለች፤ እስካሁን የደፈረ ሰው መጥቶ "ልበሺ" አላላትም።

ባሏ ሌያርኮ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሱቁና የሱቄ ግድግዳ አንድ ነው። በወጣትነቱ ሕግ ሊያጠና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት አቋርጦ ወጥቷል። ምክንያቱን አንገቱ ላይ ፎጣ የታሰረለት ሁሉ ሰምቷል። "በአንድ ጠርሙስ ወይን ተወራርጄ ማማዋን ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የያዝኩት ሁሉ እምቢ አለኝ። ይህን ባላደርግ ኖሮ ዛሬ ካባ ለብሼ ችሎት ላይ ነበርኩ!" ይላል። ምላጭ ስለያዘ የሚከራከረው የለም። አወራሩ ደግሞ ያምርበታል። ነፋሱን፣ የእንጨት ደረጃውን ሲጥ ሲጥታ፣ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጠበቀችውን እርግብ ሳይቀር ያመጣልሃል። እርግቧ በየዓመቱ ትወፍር ነበር፤ በመጨረሻ ዶሮ አክላለች። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸውን ክፉ ቃል አልተናገሩትም። የተቆጡት ማማዋን ነው፤ እስኪሞቱ ድረስ በሥሯ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩዋትም።

ዩሮ ሳይመጣ፣ ሊራ ገና ኪሳችን ውስጥ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ የመከር ከሰዓት፣ ኒቬስ ሱቄ ገብታ ከጃንጥላዎቹ መካከል ተቀመጠች። ፈተናዎቿን ሁሉ ጨርሳ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበር። የጻፈችውም ስለዚችው ማማ ነው።

"ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን መለሰብኝ" አለች።

ፕሮፌሰር ቬንቱሮሊ ከሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። እንዲህ ብሏታል፦ "ሲኞራ ኒቬስ፣ አራቱን ምዕራፍ የጻፉት በዓይንዎ ነው። አምስተኛውን ግን በሰው ዓይን ነው የጻፉት። ስለ ማማዋ ውስጥ ያለው ሁሉ ከሌላ ሰው ሥዕል የተቀዳ ነው። ይህን ይዤ ፈታኝ ጉባኤ ፊት አላቀርብዎትም። ይውጡና ይዩት።"

"ተማሪ ነኝ እኮ፣ ፕሮፌሰር" አለችው።

ሰውዬው ተነስቶ በሩን ዘጋ። "እኔም የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ማማዋን የወጣሁት የምረቃ አክሊል በጫንኩ ቀን ነው። እንደ አስተማሪዎ ይውጡ እልዎታለሁ። እንደ ቦሎኛ ሰው ግን ባይወጡ ደስ ይለኛል።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"እሱን እኔም አልተማርኩትም" አላት።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ካልወጣች አትመረቅም፤ ከወጣችም አትመረቅም። ኒቬስ ግን አልሳቀችም፤ አንዱን ጃንጥላ ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ያኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቀላል አይደለማ።

ነገሩ በማግስቱ ሌያርኮ ሱቅ ለሸንጎ ቀረበ። መቼም እኛ ሰፈር የግል ጉዳይ የሚባል ነገር የለም።

"ለአንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው ትልቀቅ። ወጥታ ስትወርድ እንደገና ትመዝገብ" አለ አረፋ ፊቱን የሸፈነው አንዱ ደንበኛ።

"የመልቀቂያው ማኅተም እስኪመታ እኮ እዚያው ታረጃለች" አልኩት።

"እንግዲያው ወደ ኋላዋ እየሄደች ትውጣ። ለማማዋ የምትወርድ ይመስላታል።"

ሌያርኮ መቀሱን ወረወረው። "የምን ቀልድ ነው! አትወጣም! እኔን አይታችሁ አትማሩም? አንዴ ወጥቼ ይኸው የሰው ጢም ስፍቅ እኖራለሁ!"

"ጢሜ ምን አደረገህ?" አለ ባለ አረፋው።

ኤርሜስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያሰላስል ነበር። ኤርሜስ ሞርታዴላ የሚባለው የአሳማ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሙሉ አሳማ እንደ ትራስ የሚያነሳ ሰው። "ቆይ" አለ። "ደንቡ የሚለው 'የወጣ ተማሪ' ነው። ሰው ተሸክሞት ላይ የደረሰ ተማሪ ወጣ ይባላል? እኔ አሳማ ከመኪና ወደ ሱቄ ተሸክሜ ሳስገባ፣ አሳማው ገባ ይባላል?"

"አመሰግናለሁ፣ ኤርሜስ" አለች ኒቬስ።

"ለምሳሌ ነው ያልኩት!"

"ገብቶኛል።"

አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይሄ ነው። እኔ ኒቬስ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ባሏን አየችው። ሌያርኮ አገጩን እያሻሸ "በሕግ ዓይን... እግር ካልነካ መውጣት የለም። ያስኬዳል" አለ። "እሺ፣ ይሸከመኝ" አለች እሷም። ገረመኝ። በሰፈሩ ከሁላችን የተሻለ አእምሮ ያላት ሴት እንደ ከረጢት ልትጫን መስማማቷ አልዋጥልሽ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ማማዋ ሥር ተሰበሰብን። ኤርሜስ የወጥ ቤት ወንበር በጠፍር ጀርባው ላይ አሰረ፤ ኒቬስ ጀርባዋን ለጀርባው ሰጥታ ተቀመጠችበት። ደብተርና እርሳስ ይዛለች። እኔ ባትሪ ይዤ ከኋላ፣ ሌያርኮ ከኔ ኋላ። ደረጃው ከግድግዳ ተጣብቆ የሚዞር፣ እንጨቱ በሰው እግር የጎደጎደ፣ ጠባብ ነው። ለአንድ ሰው እንጂ ለአንድ ሰው፣ ለአንዲት ሴትና ለአንድ ወንበር ታስቦ አልተሠራም።

"እግርሽን ሰብስቢ!" ይላል ሌያርኮ።

"ሰብስቤያለሁ።"

"ግራው ሊነካ ነው!"

"ሌያርኮ፣ ከጉልበቴ በታች ቆርጬ ልያዘው?"

ኤርሜስ እንደ በሬ እያቃሰተ መጀመሪያው ማረፊያ ደረሰ። እዚያ ሲዞር የወንበሩ እግር የእጅ መደገፊያውን ያዘ። ኤርሜስ ሊያላቅቀው ወደ ጎን ጎበጥ አለ፤ ከዚያ ከሰውነቱ ውስጥ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ቀስ ብሎ ተንበረከከ፤ ወንበሩም አብሮት ወረደ። የኒቬስ ሁለት እግሮች ደረጃው ላይ አረፉ።

ባትሪዬን እግሮቿ ላይ አበራሁ።

"ነካ" አለ ሌያርኮ። ድምፁ ተለውጧል። "ምንም አይደል፤ ውረጂ። ማንም አላየም። ዮሌም አላየችም።"

"አይቻለሁ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ፤ አፌ ሲፈጥረው እንዲህ ነው።

"እኔን የሚያየኝ የለም ወይ? ወገቤ!" አለ ኤርሜስ።

ኒቬስ ከወንበሩ ተነሳች። ሌያርኮን ብዙ አየችው። እኔ እንግዲህ ማማዋን የፈራች መስሎኝ ነበር፤ አሳዘነችኝ፤ እጇን ይዤ ላወርዳት እጄን ዘርግቼ ነበር።

"ሌያርኮ፣ ልወጣ ነው" አለች።

"ኒቬስ! ያ ሁሉ ዓመት ልፋትሽ!"

"ካልወጣሁም ያው ነው እኮ።"

"በኔ የደረሰውን አላየሽም?"

"አይቻለሁ" አለችው። ጉንጩን ነካ አደረገችው፣ ደብተሯን ከወለሉ አነሳች፣ ወጣች።

ተከተልኳት። መጀመሪያ ላይ በየማረፊያው እየቆመች፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ እየጻፈች ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ፍጥነቷ ጨመረ፤ እኔ ትንፋሼ ሊወጣ ደርሷል። ድንገት ከላዬ ጮኸች።

"ዮሌ! ይሰፋል!"

"ምኑ ነው የሚሰፋው? የኔ ሳንባ ጠቧል!"

"ውስጡ! ከውጭ ወደ ላይ እየቀጠነች ስለምትታይ ውስጧም ይጠባል ብዬ ነበር የጻፍኩት። ግድግዳው ነው የሚሳሳው፤ ውስጡ እየሰፋ ነው የሚሄደው! ዳስሺው እስቲ!"

ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እንደ ሕፃን ነበር የምትስቀው። ፕሮፌሰሩ እውነቱን ነው ማለት ነው፤ አምስተኛው ምዕራፍ ከነነፍሱ ስህተት ነበር፤ ስህተቱ ደግሞ ከማንም በላይ ያስደሰተው እሷን ነው።

ጫፍ ላይ ስንደርስ እኔም የመጀመሪያዬ ነበር። ስድሳ ዓመት ሥሯ ኖሬ! ጎረቤቷ አጭሯ ዘማማ ማማ ከላይ ስትታይ ሰክራ ግድግዳ ፍለጋ የወጣች ትመስላለች። ከተማው ቀይ ጣራ፣ ቀይ ጣራ፣ እንደገና ቀይ ጣራ። በረንዳዎቻችን ከላይ አይታዩም፤ አንድም ሰው አይታይም። ያ ሁሉ ሕዝብ ከጣራው ሥር ይርመሰመሳል፤ አንተ ግን ከተማው ተለቅቆ የሄደ ይመስልሃል። ኒቬስ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው ብዬ ተውኳት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ክረምት ለሌያርኮ ሱቅ መልካም አልነበረም። ሰውዬው ዝም አለ። ፀጉር ይቆርጣል፣ ፎጣ ያራግፋል፣ ስለ ማማዋ ግን ትንፍሽ አይልም። አዲስ ተማሪ መጥቶ "እውነት ነው የሚሉት?" ሲለው "ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ" ብቻ ነው መልሱ። ደንበኞቹ ተከፉ፤ ግማሾቹ የሚመጡት ለወሬው ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ገባሁበት።

"ሚስትህ ልትመረቅ ደርሳለች፤ አንተ የምታኮርፈው ምን ሆነህ ነው? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብላ ልትሠራው የሄደች ሴት እኮ ናት!"

"ብትወድቅስ፣ ዮሌ?" አለ።

"ብትመረቅስ?"

ይህን ስለው ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ መሳል አቆመ። ተናድጄ ወጣሁ።

በመጋቢት ጽሑፏን አቀረበች። አዳራሹ ጣሪያው ሥዕል፣ ወንበሩ ወገብ የሚሰብር ነው፤ ኤርሜስ ወገቡን በመቀነት ጠፍሮ ቆሞ ቀረ። ኒቬስ የክት ሰማያዊ ልብሷን ለብሳለች። መጀመሪያ ከወረቀቷ ቀና ሳትል አነበበች፤ ስለ ግድግዳው ስታወራ ወረቀቱን ተወችው።

ከጉባኤው አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ውስጡ ወደ ላይ ይሰፋል የሚሉት ከየትኛው ሥዕል አይተው ነው?" አሉ።

"ከሥዕል አይደለም፤ በእጄ ዳስሼ ነው" አለች።

"ወጥተው?"

"ወጥቼ።"

ጉባኤው እርስ በርሱ ተያየ። ሁሉም የከተማው ልጆች ናቸው። ፕሮፌሰር ቬንቱሮሊ ጣሪያውን አየ። ለመመካከር ወጡ፤ እኛ ጠበቅን፤ ሌያርኮ ባርኔጣውን በእጁ ጨምድዶ ጨምድዶ ጨርቅ አደረገው። ተመልሰው ገቡ፤ ቆምን፤ ስሟን ጠሩ፤ ነጥቡንም ተናገሩ፤ ጥሩ ነጥብ ነው። ከዚያም፣ እኛ አገር ለተመረቀ ሁሉ እንደሚባለው፣ "ዶክተር" አሏት።

ጮህን! እኔ ማንን እንዳቀፍኩ አላስታውስም፤ የማላውቀው ሰው ይመስለኛል። በበረንዳው ሥር የቅጠል አክሊሉን ጫኑላት፣ ተማሪዎቹ ለተመራቂ ሁሉ የሚዘፍኑትን ባለጌ ዘፈን ዘፈኑባት፣ ክብ ሠርተው አስጨፈሯት። ጩኸቱ በረድ ሲል ግን ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ሌያርኮ መዞር ጀመረ። ምንም የተናገረ የለም፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር እያሰበ ነበር። ወጥታ ተመርቃለች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ሰውዬው ከልቤ አሳዘነኝ። አንድ ወሬ ነበረው፤ ያችንም ሚስቱ ወሰደችበት።

ምሳ ቶርቴሊኒ፣ ሥጋ የተሞላ ትንንሽ ፓስታ፣ በሾርባ ነበር፤ ወይኑም አልተሰሰተም። ኤርሜስ ክፋት አያውቅም፤ ችግሩ ማሰብም አያበዛም። ማንኪያውን ሌያርኮ ላይ ቀስሮ "እንግዲህ ማማዋ ሚስትህን በሰላም ለቀቀቻት። ባንተ ላይ ምን ቂም ነበራት?" አለ።

ኤርሜስን በጠረጴዛው ሥር በእግሬ መታሁት።

"ኤርሜስ፣ ሾርባህን ጠጣ" አለች ኒቬስ።

"ተይው፣ ልመልስለት" አለ ሌያርኮ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ምንም ቂም አልነበራት። ማማዋን የወጣሁት መጋቢት ላይ ነው። ፈተና የወደቅኩት የካቲት ላይ።"

ኤርሜስ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። "የካቲት ከመጋቢት..."

"ይቀድማል" አልኩት።

"ሦስት ፈተና ነበር፤ ሦስቱንም ወደቅኩ። አላነበብኩማ! አባቴ በቤታችን የመጀመሪያው ተማሪ እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራ ነበር። እንዴት ብዬ አላነበብኩም ልበለው? ማማዋን ከወጣሁ ግን፣ እሱም የዚህ ከተማ ሰው ነው፣ ጥፋቱን ለሷ ይሰጣል። ስለዚህ ወጣሁ። ውርርድ የሚባልም አልነበረም። ወይኑንም የገዛሁት ራሴ ነኝ።" ወደ ኒቬስ ዞረ። "አንቺንም ዋሽቼሻለሁ።"

"አልዋሸኸኝም" አለች ኒቬስ።

"እንዴት አልዋሸሁሽም?"

"ያኔ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት ነበር የምሠራው። የካቲት ላይ ወድቀህ የገባህ ቀን የግራፓ አረቄህን የቀዳሁልህ እኔ ነኝ። 'ሦስቱንም! ሦስቱንም!' እያልክ ለብቻህ ስታወራ ሰማሁህ። አንተ አላየኸኝም፤ የወደቀ ሰው የሚቀዳለትን አያይም። በሚያዝያ ዳንስ ቤት ስንተዋወቅ መጀመሪያ ያወራህልኝ ስለ ማማዋ ነው።"

"እና ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልህ? ደስ እያለህ እኮ ነበር የምታወራው።"

እኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። "ቆይ፣ ቆይ" አልኩ። "ኒቬስ፣ አንቺ በማማዋ አታምኚም ማለት ነው?"

"ማማ እኮ ናት፣ ዮሌ። ጡብ ናት።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ከሥሯ ተቀምጠሽ አልወጣም ያልሽው?"

"ወጥቼ ብመረቅ የሱ ወሬ ምን ይሆናል?" አለች። "ሳልወጣ ከተመረቅኩ ግን ማንም አይጠይቀውም ብዬ ነበር። ጽሑፉ ባይበላሽብኝ ኖሮ እስከ መጨረሻው ባልወጣሁ።"

ሌያርኮ ናፕኪኑን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅንም፤ ሲገልጠው ሁለቱንም ነበር።

"እኔኮ ቲኬት የምትሸጥ ነበር የሚመስለኝ" አለ፤ ለኛ ይሁን ለራሱ እንጃ። "ውሸቴን ስትጠብቅልኝ ነው የኖረችው።"

ኒቬስ የተንጋደደ አክሊሏን አቃናችና ሳህኑን ወደሱ አስጠጋች። "ብላ እንግዲህ፤ ቶርቴሊኒው በረደ" አለችው። በላ። እኛም በላን፤ ኤርሜስም ሾርባውን ጠጣ።